የጥቁር ወለሉ ሰው

«ቀስ! ቀስ በል እንጂ አንተ፣ ፒያኖ የምታወርድ መሰለህ?» አለች ሴልማ።

የድሮ ጓደኛዋ ማኒ ብብቷን ይዞ ወደ ሳጥኑ ዝቅ እያደረጋት ነበር። ቀኝ ጉልበቷ መታጠፍ ካቆመ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። እግሯን ወደ ፊት ቀጥ አድርጋ ዘረጋችና እንደ ምንም ቁጭ አለች። በአይሁድ ወግ ሐዘንተኛ ሰባቱን ቀን ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ማኒ ለዚህ ብሎ ከድሮው የፊልም ስቱዲዮ የእንጨት ሳጥን ይዞላት መጥቷል፤ አጭር ተዋናይ ከረጅሟ ተዋናይት ጎን ሲቆም ከእግሩ ሥር የሚገባውን።

«እማዬ፣ ወንበር ላይ ብትቀመጪ እኮ ማንም ምንም አይልሽም» አለች ልጇ ናዲን። «የምኩራቡ ሽማግሌ ሚስተር ጉትኒክም ለበሽተኛ ይፈቀዳል ብለዋል።»

«እኔ በሽተኛ አይደለሁም። እግሬን የሰበረው ሰው ነው የሞተው። እሱን ደግሞ በወጉ ነው የምቀመጥለት።»

ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዐይኑን ወደ ሰሃኑ መለሰ። እዚህ ቤት ለቅሶ ሲደረስ ሐዘንተኛው ካልተናገረ እንግዳ አፉን አይከፍትም፤ ሴልማ ደግሞ ስትናገር እንደዚህ ነው የምትናገረው። ሰዉ የተቀቀለ እንቁላሉን በዝምታ እየላጠ በላ። ታሪኩን የማያውቅ አልነበረም። በዚያ ፊልም ላይ የሠራን ሁሉ እናውቀዋለን።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1952 ነበር። ስቱዲዮው ትልቅ የዳንስ ፊልም እየሠራ ነው፤ ለመጨረሻው ዳንስ መስታወት የመሰለ ጥቁር ወለል ተነጠፈ። መቼም ያንን ወለል ላላየ ሰው አይገባውም። የጣት አሻራ ሳይቀር በካሜራ ይታያል። ሁላችንም ካልሲ አድርገን ነበር የምንራመድበት፤ አንድ ቀረጻ ባለቀ ቁጥር ሄርሽ ብሩክማን ጉልበቱ ላይ ወፍራም ጨርቅ አስሮ ይንበረከክና ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወለውለዋል። ሥራው ይኸው ነው። ሴልማ የዳንሱ እመቤት ነበረች። ሃያ አራት ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ትልቅ ሚናዋ። በሦስተኛው ዙር ላይ አዳለጣት፣ ጉልበቷ ዞረ፣ ጭንቅላቷም ወለሉን መታው። ያን ጠዋት ሜካፕ ክፍል ገብታ መቀመጧን ታስታውሳለች፤ ከዚያ ቀጥሎ የምታስታውሰው የሆስፒታሉን ጣሪያ ነው። ሄርሽ ራሱ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ «እኔ ነኝ፤ አንድ ዙር የወለል ሰም ጨመርኩበት» አላት። ከሥራ ተባረረ። በእሷ ቦታ ሌላ ሴት ደነሰች። ፊልሙም አገር ምድሩ የሚያውቀው ፊልም ሆነ።

ያ የተባረረ ሰውዬ በየቀኑ ሆስፒታል መምጣቱን አላቋረጠም። ሾርባ ያመጣል፣ ጋዜጣ ያነብላታል፣ መራመድ ስትጀምር ከኋላዋ ወንበር እየጎተተ ይከተላታል። በዓመቱ ሊያገባት ጠየቀ። «ሌላ ማን ይወስደኛል፤ ዕዳውን ይክፈል» አለች ለጓደኞቿ፤ እየሳቀች ነበር፣ ግን የምሯን ነው። ሄርሽ የቦውሊንግ ቤት ወለል እየወለወለ አኖራት። ሴልማ ስትናደድ «ሂድ ወለልህን ወልውል!» ትለዋለች፤ እሱም «እሺ» ብሎ ይወጣል።

በየዓመቱ ደግሞ አንድ ነገር ነበር። በመስከረም ግድም፣ በአይሁድ ትልቁ የስርየት ጾም ዋዜማ፣ ሰው ሁሉ የበደለውን ሰው ዞሮ ይቅርታ ይጠይቃል። ሄርሽ ሌላ ጋ አይሄድም። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ወጥ ቤቱ በር ላይ ይቆምና «ሴልማ፣ ስለዚያ ነገር ይቅር በይኝ» ይላታል። እሷም ድስቷን እያማሰለች «ለከርሞ» ትለዋለች። በመጀመሪያው ዓመት የእውነት ንዴት ነበር። በዐሥረኛው ዓመት ልማድ ሆነ። በኋላ በኋላማ እሷንም ሊያስቃት ምንም የማይቀረው ቀልድ ሆነ፤ «ለከርሞ» ስትለው እሱም ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። አሁን ነሐሴ ነው። ጾሙ ሳይደርስ ሄርሽ ቦውሊንግ ቤቱ ውስጥ ልቡ ቆሞ ሞተ። ከርሞ የሚባል ነገር የለም።

ሴልማን የሚበላት ይህ ነበር። ቀባሪው ሁሉ ለሞቱ ብቻ ያዘነች ሲመስለው እሷ በልቧ የምትለው «ምናለ አንድ ዓመት ብቻ እሺ ብዬው ቢሆን» ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እንግዳ ሳሳ ሲል ማኒ ሶፋው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ማኒ የልምምዱ ፒያኖ መቺ ነበር፤ ያን ዳንስ ሺህ ጊዜ መቶታል።

«አንድ ነገር ልንገርሽ?»

«ቀልድ ከሆነ አልፈልግም።»

«ቀልድ አይደለም። በምሳ ሰዓት ሁላችሁም ስትወጡ ሄርሽ እኔን ያስቀረኝ ነበር። 'ማኒ፣ እስቲ ምታልኝ' ይለኛል። እኔ እመታለሁ፣ እሱ ጨርቁን ይዞ ያንቺን ዳንስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይራመዳል።»

«ሄርሽ? ሄርሽ እኮ በሠርጋችንም አልደነሰም!»

«መደነስማ የት ያውቅበታል! ዝሆን ነው። ግን እያንዳንዷ እርምጃሽ የት እንደምታርፍ ያውቃል። እዚያ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ በስኳር ውሃ የነከረውን ጨርቅ ያስነካል። ጫማሽ እንዲይዝ። ካሜራው አያየውም፣ ዳይሬክተሩ አያውቅም፣ አንቺም አታውቂም።» ማኒ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እኔ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ያን ቀን ተሳሳተ እላለሁ። እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

«ሰው አይደል፣ ተሳሳተ» አለች ሴልማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ይሳሳታል።» ለሠላሳ አንድ ዓመት ይችን ዐረፍተ ነገር ተናግራት አታውቅም። ማኒም ናዲንም ሰሟት።

በማግስቱ ቤቱ ሞላ። ሚስተር ጉትኒክ ከምኩራቡ ሰዎች ጋር መጡ፤ ከድሮው ፊልም ቫዮሊን መቺዎቹና ሜካፕ ሠሪው መጡ። ልብስ ክፍል የነበረችው ዶሎረስም አንድ ትሪ ጣፋጭ ዳቦ ይዛ ገባችና በሩ አጠገብ ቆመች። ጸሎቱ ሲያልቅ ሴልማ ከሳጥኗ ሳትነሳ እጇን አነሳች።

«ሰዎች፣ አንድ ነገር ልናገር። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ሄርሽ እኔን ምን እንዳደረገኝ። በየዓመቱ ይቅር በይኝ ይለኝ ነበር፣ እኔ እልኸኛ ነኝ፣ እምቢ አልኩት። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በእናንተ ፊት ይቅር ብዬ...»

«አትበዪው!»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ዶሎረስ ነበረች።

«ምን አልሽ?» አለች ሴልማ።

«ይቅር አትበዪው። በማርያም ይዤሻለሁ፣ የፈለግሽውን ተናገሪ፣ ይችን ብቻ አትናገሪ። እኔ ቆሜ መስማት አልችልም።»

«ዶሎረስ፣ ደህና ነሽ?» ናዲን ትሪውን ልትቀበላት ተነሳች። ዶሎረስ ትሪውን አልለቀቀችም።

«አዲስ ጫማ ነበር ያደረግሽው» አለች ለሴልማ። «ትዝ አይልሽም፣ እኔ ግን አንድም ቀን አልረሳሁት። የወርቃማው ጫማሽ ማሰሪያ በጠዋት ተበጠሰ። አዲሱን አመጣሁልሽ። አዲስ ሶል በሽቦ ብሩሽ ሳይፋቅ ወለል ላይ አይወጣም፣ ይሄን ሕፃን ዳንሰኛም ያውቃል። 'አምጪ ልፋቀው' አልኩሽ። ነጠቅሽኝ። 'እግሬን ሳነሳ ካሜራው ሶሉን ያየዋል፣ የተቧጨረ ሶል ይዤ በመጀመሪያ ቀኔ አልታይም' አልሽ። ሶሉንም ወርቅ አስቀብተሽው ነበር እኮ!»

የሴልማ እጅ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

«ሄርሽ እዚያው ተንበርክኮ ይወለውል ነበር። ቀና ብሎ 'ሚስ ሴልማ፣ ኧረ ይፋቅ' አለሽ። አንቺ ምን እንዳልሽው ልንገርሽ? 'አንተ ወለልህን ወልውል።'»

ማኒ «ወይኔ» አለ ቀስ ብሎ።

«አምቡላንሱ ሲወጣ ሁሉም ተከትሎት ወጣ። እኔ የወደቀ ልብስ ልሰበስብ ተመለስኩ። ሄርሽ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። ጫማሽን ጭኑ ላይ አድርጎ በሽቦ ብሩሽ ሶሉን ይፍቃል። እንደ ሕፃን እያለቀሰ ይፍቃል! 'ምን እያደረግህ ነው?' አልኩት። 'በራሷ ጥፋት ነው ካሉ ያባርሯታል፣ ሕክምናዋንም አይችሉላትም' አለኝ። መርማሪዎቹ መጥተው ጫማውን ሲያዩ ሶሉ የተፋቀ ነው። ታዲያ የማን ጥፋት ሊሆን ነው? የወለሉ ነዋ!»

«ውሸት ነው» አለች ሴልማ።

«ሆስፒታል ስትነቂ መጀመሪያ ያልሽው 'እኔ ነኝ? እኔ ነኝ ያጠፋሁት?' ነው። ያን ጊዜ ፊትሽን ያየ ሰው እውነቱን ሊነግርሽ አይችልም ነበር። እኔ በር ላይ ነበርኩ። ሄርሽ ወዲያው 'አይ፣ እኔ ነኝ' አለ። እኔንም አስማለኝ። ባለፈው ዓመት 'ሄርሽ፣ ይበቃል፣ አረጃችሁ፣ ንገራት' ብዬው ነበር። ምን አለኝ መሰለሽ? 'ይቅርታ መጠየቄን ካቆምኩ እኔን መናደዷን ትተዋለች። ያኔ የምትናደድበት ሌላ ሰው ትፈልጋለች። ሌላ ደግሞ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።'»

ናዲን እናቷ ትወድቃለች ብላ ከኋላዋ መጥታ ትከሻዋን ያዘቻት። ሴልማ ትከሻዋን አስለቀቀች።

«ለምን?» አለች። «ለምን እንዲህ ያደርጋል?»

«አንቺ ደግሞ! ይሄም ይጠየቃል?» አለች ዶሎረስ፤ አሁን እሷም እያለቀሰች ነበር።

«ውጪ።»

«ሴልማ...»

«ውጪልኝ ከቤቴ! ዳቦሽንም ይዘሽ ውጪ!»

ዶሎረስ ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። እንግዳውም አንድ በአንድ፣ ኮፍያውን እየፈለገ፣ ተከተላት።

አምስተኛውን ቀን ሙሉ፣ ስድስተኛውን እስከ ቀትር ሴልማ አልተናገረችም፤ እሷ ስላልተናገረችም የመጣው ሁሉ ሳይናገር ተቀምጦ ሄደ። ሥርዓቱ እንዲህ ጨክኖ አያውቅም። እሷ ግን ዝም አላለችም ነበር፤ በልቧ ትቆጥራለች። ናዲን በተወለደችበት ዓመት፣ በጾሙ ዋዜማ፣ ሄርሽ ሕፃኗን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ «ለከርሞ» አለችው። ሳንባው ታሞ በተነሳበት ዓመት ግድግዳውን ተደግፎ ነበር፤ «ለከርሞ» አለችው። አምና ፀጉሩን ተስተካክሎ መጥቶ ነበር፣ ጆሮው ሥር ትንሽ ተቆርጦ። አይታዋለች። «ደማህ እኮ» ልትለው ነበር። «ለከርሞ» አለችው።

ያልበደለውን ሰው ሠላሳ ጊዜ ይቅርታ ጠየቃት፣ ሠላሳ ጊዜ በሩን ዘጋችበት። እሱን ዕዳ ከፋይ ስታደርገው ኖራ፣ ለካ ከሆስፒታል አልጋዋ ዳር ጀምሮ እሷን ከራሷ ሲጠብቃት ነበር። አንድ ቀን እንኳ «እወድሃለሁ» ብላው አታውቅም፤ ይህ ሁሉ አገልግሎት የሚገባት ይመስላት ነበር። አምላኬ፣ አለች፣ አንድ ቀን እንኳ።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት ናዲን ሻይ ይዛላት መጣችና ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ እኔ ተናድጄብሽ ነበር። ልጅ ሆኜ። 'ወለልህን ወልውል' ስትዪው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለአባዬ ነገርኩት። 'አንቺ አታውቂም፣ ዳንሷን አላየሽም' አለኝ።»

ያን ጊዜ ነው ሴልማ የፈነዳችው። ከቀብሩ ጀምሮ ያላለቀሰችውን በአንድ ጊዜ፣ አፏን ከፍታ፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ አለቀሰች። ናዲን ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ይዛላት ቆየች።

ሚስተር ጉትኒክ ሲመጡ ዐይኗ አብጦ አገኟት።

«ሚስተር ጉትኒክ፣ ሰው ከሞተ በኋላ እንዴት ነው ይቅርታ የሚጠየቀው?»

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱ። «አለው መንገድ። ከሃይማኖታችን ሰዎች ዐሥር ወንድ ይዘሽ መቃብሩ ላይ ትሄጃለሽ። በእነሱ ፊት ጥፋትሽን በቃልሽ ትናገሪያለሽ። እነሱ ስለ እሱ ሆነው ይመልሱልሻል።»

«ዐሥር?»

«ዐሥር።»

«እሱ እኮ ብቻውን ነበር የሚጠይቀኝ። ወጥ ቤት በር ላይ። ብቻውን!» ዐይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ነገ ሰባቱ ሞልቶ ከሳጥኑ ስነሳ እንሂድ። ናዲን፣ ደውዪ። ዶሎረስ ጋም ደውዪ።»

«ትመጣለች ብለሽ ነው?»

«ያባረርኳት እኔ ነኝ። በስልኩ እኔ ራሴ አናግራታለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት በሦስት መኪና ወጡ። መቃብሩ በር ላይ ሲቆጠር ማኒ፣ ሁለቱ ቫዮሊን መቺዎች፣ ሜካፕ ሠሪው፣ ሚስተር ጉትኒክና አራት የምኩራብ ሰዎች፣ ዘጠኝ ሆኑ። ዐሥረኛው ሰው መንገድ ላይ መኪናው ተበላሽቶበታል።

«እኔስ?» አለች ዶሎረስ።

«ይቅርታ እመቤቴ» አሉ ሚስተር ጉትኒክ፣ «አንደኛ ሴት ነዎት፣ ሁለተኛ ካቶሊክ ነዎት።»

«ሁለቴ ወደቅኩ በሉኛ» አለች፤ ሴልማ እንኳ በአፍንጫዋ ሳቀች። ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ። በመጨረሻ ሰውየው በታክሲ፣ ላቡን እየጠረገ ደረሰ።

ሄርሽ ገና ድንጋይ አልቆመለትም፤ ቡናማ አፈር ነው፣ ራስጌው ላይ ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ካርድ አለ። ዐሥሩ ሰዎች ከበው ቆሙ። ዶሎረስ ዘጠኝ እርምጃ ያህል ርቃ ዛፍ ሥር ቀረች። ሚስተር ጉትኒክ የምትለውን በወረቀት ጽፈውላት ነበር፤ ሴልማ ከፍታ አየችው፣ መልሳ አጠፈችው።

«ሄርሽ» አለች። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እንደገና ጀመረች። «ሄርሽ፣ በእግዚአብሔርም ፊት በአንተም ላይ በድያለሁ። ሶሉ ይፋቅ ብለኸኝ እምቢ አልኩ። እኔ ነኝ የወደቅኩት። አንተ ነህ ያነሳኸኝ፤ እኔ ግን ጥለኸኛል እያልኩ ሠላሳ አንድ ዓመት አንገትህን አስደፋሁህ። በየዓመቱ መጥተህ ስትቆም ዞሬ እንኳ አላየሁህም። ድስት ሳማስል! የምን ድስት ነው እሱ? አንድ ቀን ዞሬ ባይህ ምናለ? አሁን እኔ መጣሁ። ይቅር በለኝ። ለከርሞ አትበለኝ።»

ሥርዓቱ ሦስት ጊዜ ነውና ዐሥሩ ሰዎች «ይቅር ተብሎልሻል» አሉ። ሁለተኛ ጊዜ ሲሉ የማኒ ድምፅ ተሰበረ። ሦስተኛውን ጊዜ ከዛፉ ሥር የሴት ድምፅ አብሮ ተሰማ፤ ሚስተር ጉትኒክ ሰሙ፣ እንዳልሰሙ ሆኑ።

ሴልማ ቆማ ጠበቀች። ሌላ የሚመልስ ያለ ይመስል አፈሩን ታያለች።

ከዚያ ሰዉ ከመንገዱ ዳር ጠጠር እያነሳ፣ መጥቶ እንደ ሄደ የሚያሳውቅ ነውና፣ አንድ አንድ መቃብሩ ላይ እያስቀመጠ እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ። ማኒ አስቀመጠ። ዶሎረስም መጥታ አስቀመጠች፣ አማተበች፣ ሄደች። እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ። ናዲን የራሷን ጠጠር አሳረፈች።

«እማዬ፣ አስቀምጪውና እንሂድ። ሁሉም እየጠበቁን ነው።»

ሴልማ ጠጠሯን ጨብጣ አልተነቃነቀችም። ናዲን ጎንበስ ማለት አቅቷት ነው ብላ ልታስቀምጥላት እጇን ያዘች፤ የተጨበጡትን ጣቶች በቀስታ፣ አውራ ጣቷን፣ ከዚያ ጠቋሚዋን፣ ከፈት አደረገቻቸው። ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየች። ጣቶቹን አንድ በአንድ መልሳ ጠጠሩ ላይ አጠፈችላትና አጠገቧ ቆመች።